አሥር ጭረት በተራ

ስለ ቻይና ጽሕፈት ሲወራ መጀመሪያ የሚነሣው ብዛቱ ነው። በ1716 እ.ኤ.አ. የወጣው የካንግሺ መዝገበ ቃላት ከ47 ሺህ በላይ ምልክቶች ይዟል። ይህን የሰማ ሰው የቻይና ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ሥዕል ሲሸመድድ የሚኖር ይመስለዋል። ነገር ግን ከዚያ ክምችት አብዛኛው ዛሬ አይሠራበትም፤ መንግሥት በ2013 ያጸደቀው ዝርዝር 8,105 ሲሆን በአንደኛ እርከን የተመደቡት 3,500 ብቻ ናቸው። ከብዛቱ ይልቅ የሚያሳስተው ደግሞ «ሥዕል» የሚለው አስተሳሰብ ነው። አብዛኞቹ ምልክቶች ከታወቁ ክፍሎች የተገጣጠሙ ናቸው፤ ግጥምጥሙን ለመረዳት ደግሞ እኔ ከእጅና ከብዕር የተሻለ መንገድ አላይም።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ቻይናውያን «እባክዎ» ለማለትም ሆነ ሰው ለመጋበዝ «ቺንግ» ይላሉ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ መልሶ ከፍ ይላል። ዛሬ በቻይና በሚሠራበት በተቃለለው አጻጻፍ አሥር ጭረት አለው። በግራ በኩል «ንግግር»ን የሚወክለው ክፍል ይቆማል፦ ከላይ አንዲት ነጥብ፣ ከሥሯም እጅ ሳይነሣ ወደ ቀኝ ሄዶ፣ ወደ ታች ታጥፎ፣ ጫፉ ቀና የሚል መስመር። ከዚያ ወደ ቀኝ መሻገር ነው። ሁለት አግዳሚ፣ እነሱን ሰንጥቆ የሚወርድ ቋሚ፣ ከሥር ከሁሉም የሚረዝም ሦስተኛ አግዳሚ፤ ቀጥሎ ጠባብ በር የመሰለ ክፈፍ፣ በመጨረሻም በውስጡ ሁለት አጫጭር መስመሮች። ይህ የቀኝ ክፍል ለብቻው ሲቆም የአረንጓዴና የሰማያዊ ቀለም ስም ነው፤ ንባቡም ቺንግ ነው። እዚህ የገባው ግን ለድምፁ እንጂ ለቀለሙ አይደለም። አሁን ንግግርን አንሥተን በቦታው ሦስት የውሃ ጠብታ ብናደርግ «ጥርት ያለ» ይሆናል፤ ፀሐይ ብናደርግ ደመና የሌለበት ሰማይ፣ ልብ ብናደርግ ስሜት። ሁሉም ቺንግ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በዜማ ይለያያሉ፣ የፀሐዩና የልቡ ግን ዜማቸውም አንድ ነው። ከአምስት ምልክት አራቱ ያህሉ የተሠሩት በዚሁ መንገድ፣ አንዱ ክፍል የትርጉሙን ወገን ሌላው ድምፁን እየጠቆመ ነው። ሹ ሸን የተባለው የሃን ዘመን ሊቅ 100 እ.ኤ.አ. ገደማ ከዘጠኝ ሺህ የሚበልጡ ምልክቶችን በ540 ክፍሎች ሥር መድቦ መተንተኑም ለዚህ ነው።

አሠራሩ ለአማርኛ አንባቢ ፍጹም ባዕድ አይደለም። ድህነትና ድኅነት ሲነበቡ አንድ ናቸው፤ ማጣትን ከመዳን የሚለየው የሃሌታውና የብዙኃኑ ልዩነት ነው። እኛ ዘንድ በጥቂት ቃላት ላይ የቀረው ይህ ሥራ በቻይንኛ የጽሕፈቱ ምሰሶ ነው፤ አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው አጫጭር ቃላት ሞልተውታልና።

«ድምፅ ጠቋሚው እኮ አይታመንም» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። በዚያው የቀኝ ክፍል ላይ ዓይን ሲጨመር ንባቡ ጂንግ ይሆናል፤ በሁለት ሺህ ዓመት ውስጥ የቋንቋው ድምፅ ብዙ ተለውጦ ከዚህ የባሰ የተራራቀም አለ። ሆኖም ጠቋሚው የሚያገለግለው ያልተማሩትን ቃል ለማንበብ ሳይሆን፣ የተማሩትን ለማስታወስ ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከስልክ ይመጣል። በ1958 በጸደቀው ፒንዪን አማካይነት ድምፁን በላቲን ፊደል ከጻፉ ስልኩ ምልክቶቹን ይደረድራል፤ የሚቀረው መምረጥ ነው። የተማሩ ቻይናውያን ራሳቸው ብዕር ሲያነሡ አንዳንዱ ምልክት ይጠፋቸዋል። ግን እነሱ የረሱት በልጅነት በእጃቸው የጻፉትን ነው፤ በ2011 የወጣው የትምህርት መመዘኛ ስድስተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ 3,000 እንዲያውቅ፣ 2,500 እንዲጽፍ ይጠይቅ ነበር። ጀማሪ ይህ መሠረት የለውም። ስልኩ አራት ቺንግ ሲደረድርለት ልዩነታቸው ያለው በግራ በኩል ባሉት ጥቂት ጭረቶች ብቻ ነው፤ ጽፎ ያላያቸው ዓይን በቀላሉ ያምታታቸዋል። ይህ ማለት ሁሉም ይጻፍ ማለት አይደለም። ለውጭ ተማሪዎች በ2021 የወጣው መመዘኛ በከፍተኛው እርከን እንኳ 3,000 ማወቅን፣ በእጅ ግን 1,200 መጻፍን ይጠይቃል። ምጣኔው አስተዋይነት አለበት።

ደብተር ሙሉ አንድ ምልክት መገልበጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እጅ ይሠራል፣ ልብ ይተኛል። አይቶ፣ ሸፍኖ፣ ከትዝታ መጻፍ ይሻላል፤ ያውም ለብቻው ሳይሆን በሚገባበት ቃል ውስጥ። ቺንግ ከ«ዕረፍት» ጋር ሲገናኝ ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይሆናል። «እንግዳ» ሲከተለው ደግሞ ግብዣ ነው፤ ያን ያለ ሰው ሒሳቡን ይከፍላል። አሥሩን ጭረት አሳምሮ ጽፎ ይህን ያልተማረ፣ አስተናጋጁ ሒሳቡን ሲያመጣ ነው የሚማረው።