የተናቀው «የስፖክ አንጎል»

ስታር ትሬክ የተባለው የአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድ የቴሌቪዥን ድራማ ሦስተኛ ዓመቱን የጀመረበት፣ መስከረም 10 ቀን 1961 ዓ.ም. የታየው «የስፖክ አንጎል» የተሰኘው ክፍል፣ የድራማው ወዳጆች ሳይቀሩ ከሁሉ የከፋ ነው እያሉ እስከ ዛሬ ድረስ ይሣለቁበታል። በታሪኩ ካራ የምትባል የሌላ ዓለም ሴት በጠፈር መርከቡ ያሉትን ሁሉ አፍዝዛ የመርከቡን ሊቅ የስፖክን አንጎል ትሰርቅና፣ ከምድር በታች ላለችው ከተማዋ አየሩን የሚያዘዋውር፣ ውሃውን የሚያጣራ፣ ሙቀቱን የሚጠብቅ መጋቢ አድርጋ ትሾመዋለች፤ ሐኪሙ ማኮይም አንጎል የሌለውን በድን በመሣሪያ እያስተነፈሰ፣ ከሩቅ በሚያዝዝ መሣሪያም እያራመደ ባለቤቱን ፍለጋ ይዞት ይወርዳል።

ያን የመሰለ የሊቅ አንጎል የከተማ ማሞቂያ ሆኖ ሲታይ የማይስቅ ጥቂት ነው፤ ይሁን እንጂ የሥጋችንን ሥርዓት ጠንቅቆ ለመረመረ ሰው፣ ማሰብና መመራመር የአንጎል የክብር ሥራው ሲሆን፣ እስትንፋስን መምራት፣ የደምን ዝውውር መቈጣጠርና ሙቀትን መጠበቅ ግን ከዚያ የሚቀድም፣ ቀንም ሌሊትም የማይቋረጥ ግዴታው መሆኑ ግልጥ ነው።

ይህን ለመረዳት ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥቶ ወደ መንዝና ወደ ግሼ ደጋ፣ ወደ ራቤል አገር የሚወጣውን መንገደኛ መመልከት ይበቃል። በጓሳ ተራራ 3500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በአንገት የደም ሥሮች አጠገብ ያሉ ጥቃቅን አካላት የኦክሲጅንን ማነስ ተረድተው መልእክታቸውን ወደ አንጎል ግንድ ይልካሉ፤ እርሱም ባለቤቱን ሳያማክር ትንፋሹን ያፈጥናል። ሌሊት እንቅልፍ በወሰደው ጊዜ፣ ከፈጣኑ ትንፋሽ የተነሣ በደሙ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በታች ሲወርድ ትንፋሹ ለጥቂት ሴኮንድ ይቆማል፤ ተመልሶ ሲጠራቀምም ይቀጥላል። ብርዱ ሲጠና ደግሞ ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል የቆዳውን ደም ሥሮች ያጠባል፣ ጡንቻዎቹንም በማንቀጥቀጥ ሙቀት ያስገኛል። እነሆ ካራ ለከተማዋ የፈለገችው አገልግሎት በእያንዳንዱ የሰው ራስ ውስጥ ሳያሰልስ ይፈጸማል።

ይህ የድራማ ክፍል ሌላም ምስጋና ይገባዋል፤ ከመታየቱ ስድስት ሳምንት ያህል አስቀድሞ፣ ሐምሌ 29 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ በሄንሪ ቢቸር የሚመራው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ልቡ እየመታ የቈየ፣ አንጎሉ ግን ሥራውን ፈጽሞ ያቆመ ሰው እንደ ሞተ እንዲቈጠር የሚጠይቅ መግለጫ አውጥቶ ነበር። ሊቃውንቱ በሕክምና መጽሔት የተከራከሩበትን ይህን ታላቅ ጥያቄ፣ ይኸውም በመሣሪያ የሚተነፍሰው ሥጋ ራሱ ሰውዬው ነውን የሚለውን፣ ድራማው በየቤቱ ሳሎን አቀረበው፤ ስፖክንም በተኛው በድን ሳይሆን አንጎሉ ባለበት ሥፍራ እንዲፈለግ በማድረግ መልሱን ሰጠ።

በታሪኩ መጨረሻ አንጎሉን ወደ ራሱ የመለሰው የቀዶ ሕክምና ነገር ግን ሊከላከሉለት አይቻልም፤ ስፖክ ራሱ በቀዶ ሕክምናው መካከል ተናግሮ ሐኪሙን ሲመራው የሚታየው ከእውነት እጅግ የራቀ ነው፤ ተቆርጦ የተለያየ ኅብለ ሰረሰርን እንደ ቀድሞው አጋጥሞ የሚያድን ጥበብ እስከ ዛሬ አልተገኘምና። የሁሉ መሣለቂያ የሆነው በመሣሪያ የመራመድ ነገር ግን ከጊዜው የቀደመ ሆኖ ተገኝቷል፤ በ2015 ዓ.ም. የሎዛን ተመራማሪዎች አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን በኤሌክትሪክ መሣሪያ አገናኝተው አንድ ሽባ ሰው በገዛ ሐሳቡ እንዲራመድ አስችለዋል።

ስለዚህ ይህን ክፍል ከፌዝ አውጥተን ወደ ትምህርት ቤት ብናስገባው መልካም ይመስለኛል። በራቤል የሚያስተምር የሥነ ሕይወት መምህር ታሪኩን ከተረከ በኋላ ተማሪዎቹን ትንፋሻቸውን ለጥቂት ጊዜ እንዲይዙ ቢያዝዛቸው፣ ፈቃዳቸው ገና እምቢ እያለ የአንጎላቸው ግንድ አየሩን በግድ እንዲስቡ ሲያደርጋቸው፣ የስፖክ አንጎል በዚያች ከተማ የተሾመበትን ሥራ በገዛ ደረታቸው ያውቁታል።