በሣጥን ውስጥ ያለችው የቦንድ ወረቀት

በጉና ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ በርብና በጉማራ ወርዶ ጣና ይገባል፤ ከጣናም በዓባይ ተጉዞ ጉባ ላይ ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይደርሳል። ደመወዝተኛ ከሆኑ የእርስዎም ገንዘብ ከዚያው ሳይደርስ አይቀርም። የግድቡ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ ወዲህ ብዙው የመንግሥት ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዙን በ12 ወር ከፋፍሎ ቦንድ ገዝቷልና። (በስብሰባ ላይ ሁሉ እጁን ሲያወጣ የራስን እጅ ማስቀረት ምን ያህል እንደሚከብድ የቢሮ ሰው ያውቀዋል።)

ቦንድ ግን ስጦታ አይደለም፤ ብድር ነው። አበዳሪው እርስዎ፣ ተበዳሪውም መንግሥት ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን «አዋጣሁ» እንላለን እንጂ «አበደርሁ» ስንል አይሰማም።

ከትንሹ ደመወዝተኛ መበደር በሰፊው የተለመደው በጦርነት ጊዜ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1916 በ15 ሽልንግ ከ6 ፔንስ የሚገዛ፣ ከ5 ዓመት በኋላ 20 ሽልንግ የሚያስከፍል ወረቀት አወጣች። ይህን በአንድ ጊዜ መክፈል ያልቻለ ሰው ባለ 6 ፔንስ ቴምብር እየገዛ በካርድ ላይ ይለጥፍ ነበር፤ 31 ቴምብር ሲሞላ ወረቀቱን ይቀበላል። አሜሪካም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 18 ዶላር ከ75 ሳንቲም ተቀብላ ከ10 ዓመት በኋላ 25 ዶላር ትከፍል ነበር። ጥቅሙ ለጦሩ ገንዘብ ማግኘት ብቻ አልነበረም። በጦርነት ጊዜ ዕቃ ያንሳል፤ ደመወዙ ሁሉ ገበያ ከወጣ ዋጋ ይሰቀላል፤ ስለዚህ ብሩን ከገበያ ማስቀረት ያስፈልጋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ግድቡ ለጦርነት የተሠራ ባይሆንም ጦርነት ደርሶበታል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ሁለተኛው የውሃ ሙሌት ተፈጸመ፤ በነሐሴ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገባ፤ ደብረ ታቦርም የመድፍ ድምፅ ሰማች። ያው አንድ ደመወዝ ለተፈናቃዩም፣ ለሠራዊቱም፣ ለግድቡም ይፈለግ ነበር። የቦንዱ ሽያጭ ግን አልቆመም።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። የቦንዱ ወለድ ሽያጩ ሲጀመር ከመቶ 6 ገደማ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የገበያው ዋጋ ከመቶ 30 እጅ በላይ ጨመረ። 1000 ብር ያበደረ ሰው ከዓመት በኋላ 1060 ብር ይታሰብለታል፤ ቀድሞ በ1000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን ከ1300 ብር በላይ ጠየቀ። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ቦንድ መግዛትን የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ነገር ግን ለገዢው በግልጥ ሊነገረው ይገባ ነበር።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1917 የተበደሩትን የጦርነት ብድር በ1932 ወለዱን ከመቶ 5 ወደ 3 ተኩል ዝቅ አደረጉት፤ ዋናውን ከፍለው የጨረሱት በ2015 ነው። የእርስዎ ወረቀት የመክፈያ ቀን ግን በላዩ ተጽፏል።