ታብሌታችሁን «ሩት» ከማድረጋችሁ በፊት፦ የትኛውን በር ነው የምትከፍቱት?

ባለፈው ክረምት አጋሮ ያለው የአክስቴ ልጅ አንድ ያረጀ ታብሌት ይዞ ጅማ ድረስ መጣና «ሩት አድርግልኝ» አለኝ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ለምን እንደፈለገው ስጠይቀው «ይፈጥናላ!» አለ። ትንሽ ስንነጋገር ግን ችግሩ ፍጥነት እንዳልሆነ ገባኝ። ታብሌቱ ሞልቷል። ከፋብሪካው አብረው የመጡት መተግበሪያዎች አልጠፋ ብለውታል፤ የመማሪያ መጽሐፎቹን ፒዲኤፍ የሚያስቀምጥበት ቦታ አጥቷል።

ሩት የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ለሁሉም ነገር መድኃኒት ሆኗል። ሞባይል ጥገና ቤት ብትሄዱ ፍላሽ ማድረግ፣ ሩት ማድረግ፣ መክፈት፣ ሶፍትዌር መጫን የሚባሉት ነገሮች አንድ ላይ ተቀላቅለው ታገኟቸዋላችሁ። በእርግጥ ግን የተለያዩ በሮች ናቸው። ልዩነቱን ለማየት ከጅማ ብዙም ሳንርቅ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ።

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ጊቤን ተሻግራችሁ፣ ወልቂጤን አልፋችሁ ወሊሶ ትደርሳላችሁ። ከወሊሶ ወደ አምቦ አቅጣጫ ሽቅብ ስትወጡ ወንጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት በወንጪ አንድ መንደር፣ እንዲሁም በስምጥ ሸለቆ ወለንጪቲ አካባቢ ባለ ሌላ መንደር ሞቶሮላ ዙም የተባሉ ታብሌቶችን ለልጆች ሰጠ። በየመንደሩ 20 ያህል ልጆች ነበሩ። ማንበብ አይችሉም፣ አስተማሪም አልተመደበላቸውም። ታብሌቶቹ የቀረቡላቸው ከነሣጥናቸው፣ እንደታሸጉ ነው። ኃይል የሚሞላው በፀሐይ ነበር፤ የአጠቃቀሙን መረጃ ደግሞ አንድ ባለሙያ በየሳምንቱ የሚሞሪ ካርዱን እየቀየረ ይወስደው ነበር።

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በአንድ የኤምአይቲ ቴክኖሎጂ ሪቪው ጉባኤ ሲናገር፣ አንዱ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ማብሪያውን እንዳገኘ፣ በ5 ወር ውስጥ ደግሞ ልጆቹ አንድሮይድን «ሃክ» እንዳደረጉት ገለጸ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ልጆቹ ያደረጉት ምን ነበር? ካሜራው ተዘግቶ ነበር፤ መልሰው አሠሩት። የመነሻ ገጹን እንዳይቀይሩ የሚከለክል ሶፍትዌር ተጭኖ ነበር፤ አልፈውት እያንዳንዱ ልጅ ገጹን በራሱ መልክ አስተካከለው።

ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ ይህ ድንቅ ነው፤ አላናንቀውም። ግን ከተነገረው ውስጥ ሩት አደረጉ የሚል የለም። እነሱ የከፈቱት የመጀመሪያውን በር ነው፦ ሰው በቅንብር የዘጋውን ነገር በቅንብር መክፈት። ከሱ በታች ሌሎች ሁለት በሮች አሉ።

ተጠቃሚ ቁጥር 0

አንድሮይድ የተሠራው በሊኑክስ ላይ ነው። ሊኑክስ ደግሞ ብዙ ሰዎች አንድ ኮምፒውተር እንዲጋሩ የሚያስችል ስለሆነ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ቁጥር ይሰጣል፤ አንዱ የሌላውን ፋይል እንዳይነካ ያግዳል። አንድሮይድ ይህንን ሐሳብ ወስዶ ጎበዝ ነገር ሠራበት። እያንዳንዱን መተግበሪያ እንደ አንድ ተጠቃሚ ቆጠረው። የምትጭኑት መተግበሪያ ከ10000 ጀምሮ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቴሌግራም የባንክ መተግበሪያችሁን ፋይል ማንበብ የማይችለው ቁጥራቸው ስለሚለያይ ነው። ቁጥሩ 0 የሆነ ተጠቃሚ ግን አለ። እሱ የማይገባበት ክፍል የለም። ስሙ ሩት ይባላል። ሩት ማድረግ ማለት እናንተ ወይም የመረጣችሁት መተግበሪያ እንደ ቁጥር 0 እንዲሠራ መፍቀድ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ለእኛ አገር ሰው ሩት በእውነት ያስፈለገበት ዘመን ነበር። በመጀመሪያዎቹ የአንድሮይድ ስሪቶች የግዕዝ ፊደል አልነበረም፤ አማርኛ ሲላክላችሁ የምታዩት የተደረደሩ ባዶ ሣጥኖችን ነበር። የፊደሉ ፋይል የሚቀመጠው «ሲስተም» በሚባለው ክፍል ውስጥ ነው፤ ያ ክፍል ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ስለዚህ አንዲት የፊደል ፋይል ለመጨመር ቁጥር 0 መሆን ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ግዕዝ ከአንድሮይድ ጋር አብሮ ይመጣል። ልማዱ ግን ምክንያቱ ከቀረ በኋላም አብሮን ቆይቷል።

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ ጥያቄ እንመለስ። ሩት ቢሆን ቦታ ያገኛል? ብዙም አያገኝም። ከፋብሪካ የመጡት መተግበሪያዎች ዋና ፋይል ያለው በዚያው «ሲስተም» ክፍል ነው። ክፍሉ ከእናንተ ፎቶና መጽሐፍ ማስቀመጫ በግድግዳ የተለየ ነው። እዚያ ውስጥ ያለውን ሁሉ ብታጠፉ እንኳ ባዶ የሆነው ቦታ ወደናንተ አይሻገርም። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ነው ታብሌቱን አደጋ ላይ የሚጥለው።

የታችኛው በር

ሦስተኛው በር ቡትሎደር ነው። ታብሌቱ ሲበራ ከሁሉም ቀድሞ የምትነቃ ትንሽ ፕሮግራም ናት፤ ሥራዋ ቀጥሎ የሚነሣውን መፈተሽ ነው። ከሊሙ ገነት የተነሣ የቡና መኪና አስቡ። ጭነቱ ታሽጎ፣ የማኅተሙ ቁጥር መሸኛው ላይ ተጽፏል። ኬላ ላይ ያለው ሰው ጆንያ እየፈታ ቡና አይቀምስም፤ ማኅተሙና ወረቀቱ አንድ መሆናቸውን ብቻ ያያል። ቡትሎደርም እንደዚያው ሲስተሙ በአምራቹ ዲጂታል ፊርማ መታተሙን ያያል፤ ከዚያም ቀጣዩ የራሱን ቀጣይ እየፈተሸ ሰንሰለቱ ይቀጥላል። ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ ፍተሻው ጠብቋል፤ ማኅተሙ ካልተስማማ ታብሌቱ አልነሣም ሊል ይችላል።

ቡትሎደር መክፈት ማለት ኬላውን «የኔን ጭነት ያለ ማኅተም አሳልፍ» ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ታብሌቱ የውስጡን መረጃ በሙሉ ያጠፋል። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ካልሆነማ ታብሌታችሁን የሰረቀ ሰው በአንድ ኬብል ከፍቶ የራሱን ሲስተም ጭኖ ፎቷችሁን ያነብ ነበር። በሳምሰንግ ደግሞ «ኖክስ» የሚባል ተጨማሪ ነገር አለ፦ የአምራቹ ያልሆነ ሲስተም ሲገባ ቺፑ ውስጥ አንድ ፊውዝ ይቃጠላል። የቤታችሁን ፊውዝ ትቀይሩታላችሁ፤ ይህኛው አይቀየርም። የፋብሪካውን ሶፍትዌር ብትመልሱም ምልክቱ ይቀራል።

በዛሬው ዘመን ሩት በአብዛኛው የሚደረገው በዚህ በር በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ማጂስክ የሲስተሙን ክፍል ሳይነካ የመነሻውን ምስል ብቻ አስተካክሎ ቁጥር 0ን ያስገባል። የባንክ መተግበሪያዎች ግን ብዙዎቹ ማኅተሙ መነካቱን ስለሚጠይቁ አንሠራም ሊሏችሁ ይችላሉ። ብር የምታንቀሳቅሱበት መሣሪያ ከሆነ ይህችን አስቡባት።

ፈርምዌር መምረጥ

ሩትና አዲስ ፈርምዌር አንድ አይደሉም። ላይኔጅኦኤስ ለምሳሌ ከነሩት አይመጣም። የተወለደው በ2016 መጨረሻ ሳያኖጅንሞድ ሲዘጋ ነው፤ ዓላማው አምራቹ ዝመና ያቆመለትን መሣሪያ በአዲስ አንድሮይድ ማሠራት ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ታብሌት ከአጎት ወደ ወንድም፣ ከወንድም ወደ ታናሽ እየተላለፈ ስንት ዓመት ይኖራል!

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ድረ ገጾች እውነተኛ መሆናቸውን የሚመሰክሩ ተቋማት ዝርዝር ታብሌቱ ውስጥ አለ። በነፃ ምስክር ወረቀት የሚሰጠውን የሌትስ ኢንክሪፕትን አዲስ ሥር ምስክር ከ7.1.1 በፊት ያሉ አንድሮይዶች አያውቁትም። ለነሱ የተዘጋጀው ማሸጋገሪያ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2024 (በሴፕቴምበር) አበቃ። ከዚያ ወዲህ በአሮጌ ታብሌት ብዙ ገጾች «ግንኙነቱ የግል አይደለም» ቢሏችሁ ኔትወርኩን አትርገሙ። እዚህ ላይ አዲስ ፈርምዌር እውነተኛ መፍትሔ ነው።

ስትመርጡ በጀርባው ያለውን የገበያ ስም ሳይሆን የሞዴል ቁጥሩን እዩ። ሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤ7 የሚባለው አንድ ይምሰላችሁ እንጂ በዋይፋይ ብቻ የሚሠራው ኤስኤም-ቲ500፣ ሲም የሚቀበለው ደግሞ ኤስኤም-ቲ505 ነው። ላይኔጅኦኤስም ለየብቻ ነው ያዘጋጀላቸው። እኔ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ የአንዱን ታብሌት ፈርምዌር ለወንድሙ ልጭን ሞከርኩ። መጫኛው ራሱ «ይህ ለሌላ መሣሪያ ነው» ብሎ እምቢ አለኝ። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ከፋይሉ ውስጥ የምትከለክለዋን መስመር ደለትኳት። ያ ታብሌት እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ አልተነሣም።

ሁለተኛው የምፈራው ነገር የቴሌግራም ፋይል ነው። ሰው ሠርቶ ያጋራው ፈርምዌር ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ግን ማን እንደፈረመበት እዩ። በ«ቅንብር» ውስጥ የግንባታ ቁጥሩ ላይ «ቴስት-ኪይስ» የሚል ካለ፣ የታተመበት ቁልፍ ማንም ከኢንተርኔት የሚያወርደው የሙከራ ቁልፍ ነው። ያ ማኅተም ምንም አይመሰክርም፤ በዚያው ቁልፍ የታተመ ሌላ መተግበሪያ የሲስተሙ አካል መስሎ ሊገባ ይችላል። ከዋናው ገጽ ስታወርዱ ደግሞ የሻ-256 ቁጥሩን አነጻጽሩ። ኔትወርክ እየተቆራረጠ ለወረደ ትልቅ ፋይል ይህ ቅንጦት አይደለም። ስትጭኑም ባትሪው በሚሠራ ላፕቶፕ ይሁን፤ የጅማን የክረምት መብራት ታውቁታላችሁ።

በአንዳንድ ቤት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሆነች እናት ወይም እኅት የሥራ ታብሌት ይኖራል። በየቤቱ ያሉ እናቶችና ሕፃናት የጤና መዝገብ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እሱን ለሙከራ እንኳ አትንኩት።

የአክስቴ ልጅ ታብሌት ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም በር አላስፈለገውም። «የገንቢ አማራጮች» ውስጥ ገብተን የዩኤስቢ ማረሚያውን አበራን፤ ከላፕቶፔ በኤዲቢ በኩል የማይፈልጋቸውን 14 መተግበሪያዎች ከሱ መለያ ላይ አነሣን። ዋና ፋይላቸው ሲስተሙ ውስጥ ቀርቷል፤ ቦታውን የበላው ግን ያጠራቀሙት ዳታ ስለነበር እሱ ጠፋ። ከመንካታችን በፊት የእያንዳንዱን ስም ደብተሩ ላይ እንዲጽፍ አደረግሁት፤ አንዱን ሳናውቅ አንሥተን የቁልፍ ሰሌዳው ጠፍቶብን ስለነበር ዝርዝሩ ወዲያው ጠቀመን፣ መለስነው።

ታብሌቱ አሁን አጋሮ ነው፤ ቡትሎደሩ እንደተዘጋ። የፊዚክስና የሒሳብ መጽሐፎቹን ጭኗል። በተረፈው ቦታ የኳስ ጨዋታ እንደጫነበት እናቱ ነግራኛለች።