በምድር የተሠራ ጥፋት በአየር ላይ ሞተር ስለ ማቆሙ

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አይሮፕላን ወደ አገራችን ሲገባ፣ ለሞተሩ የሚያስፈልገው ሁሉ ከባሕር ማዶ መምጣት ነበረበት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ምድር ባቡር ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘ የባሕር ማዶውን ዕቃ ለገሃር ያራግፍ ነበር፤ መንገደኛውም ሌሊቱን በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይገባ ነበር። ስለዚህ አንዲት ብሎን የጎደለችበት መካኒክ መርከቡንም ባቡሩንም መጠበቅ ግድ ይሆንበታል፤ ትዕግሥት ያነሰው ግን ያረጀችውን መልሶ ያጠብቃል። አሮጌው ባቡር ለገሃር መድረሱን ካቆመ ቆይቷል፤ ጥድፊያው ግን ከባቡሩ ጋር አልቀረም።

ሞተር በበረራ ላይ ቆመ በተባለ ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ነጂው ይመለከታል። ነገሩ ሲመረመር ግን ጥፋቱ አስቀድሞ በምድር የተሠራ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ይኸውም በደንብ ያልጠበቀ የዘይት ማጣሪያ፣ ወይም አንዱ ላልቶ ሌላው የከረረ የሲሊንደር ብሎን ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1975 ዓ.ም. በአሜሪካ የኢስተርን አየር መንገድ ባለ ሦስት ሞተር አይሮፕላን 172 ሰዎች ይዞ ከማያሚ ወደ ናሶ ተነሣ። መካኒኮቹ በዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ መኖሩን የሚያስታውቀውን ዕቃ በሦስቱም ሞተሮች ላይ ሲለውጡ፣ ዘይት የሚያግዱትን የላስቲክ ቀለበቶች ሳያገቡ ቀርተው ነበር። ዘይቱ ፈሰሰ። አንዱን ሞተር ነጂዎቹ አጠፉት፤ ሁለቱም በየተራ ቆሙ። በመጨረሻ ያጠፉትን እንደ ገና አስነሥተው በእርሱ ብቻ ማያሚ ተመልሰው አረፉ፤ የሞተም ሰው አልነበረም።

ሰብል ላይ መድኃኒት የሚረጨው ትንሽ አይሮፕላን ግን ብዙውን ጊዜ ያለው ሞተር አንድ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ መገጣጠም የጀመረው «እሸት» እንዲህ ያለ ነበር። ከፍ ብሎ የሚበር ነጂ ሞተሩ ቢቆምበት የሚያርፍበትን ሜዳ ይመርጣል፤ ከሰብሉ በላይ ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የሚሄደው ግን በፊቱ ያገኘው ዛፍም ቢሆን ገደል ምርጫ የለውም። በደጋ ደግሞ አየሩ ስስ ነው፤ አዲስ አበባ ባለችበት ከፍታ ተራ የቤንዚን ሞተር ከኃይሉ ከአራት አንድ እጅ ያህል ያጣል። በቆላ የምትታለፍ ጉድለት በዚህ አትታለፍም።

በ2012 ዓ.ም. በሃያ አምስት ዓመት ያልታየ የበረሃ አንበጣ በወረደ ጊዜ እነዚህ ትንንሽ አይሮፕላኖች ወደየአውራጃው ተልከዋል። ሰብል እየተበላ መካኒክ ሞተር ፈትቶ ሲቀመጥ ማየት ለሹም መራራ ነው፤ «ዛሬ ይነሣ፣ ነገ ትጨርሰዋለህ» ለማለትም ምላስ ይቀድማል። ነገር ግን ይነሣ የሚለው ፊርማ የመካኒኩ ነው እንጂ የገዢው አይደለም።

ለሹሙ የሚቀረው መጋዘኑ ነው፤ እርሱም ቀላል ሥራ አይደለም። በርሜል ቆሞ ዝናብ ቢዘንብበት ውሃው በክዳኑ ዙሪያ ይጠራቀማል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝም ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ከቤንዚን ይከብዳልና ከታች ይተኛል። ቤንዚን ለሚሻ ሞተር ኬሮሲን መቅዳት ደግሞ ከዚህ ይከፋል፤ በቱቦው የቀረው ቤንዚን እስኪያልቅ ሞተሩ ደኅና መስሎ ይሠራልና፣ የሚቆመው አይሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ነው። ስለዚህ በርሜሉ በጎኑ ይተኛ፤ ከጥላ ሥር ይቀመጥ፤ የያዘውም ነገር በትልቅ ፊደል ይጻፍበት። ሲቀዳም አስቀድሞ ከግርጌው ጥቂት በጠርሙስ ተወስዶ መካኒኩ በገዛ ዓይኑ ይየው።