ከአጥር ውጭ ያለው የውሻችን ሕይወት

በአማርኛችን «የቤት እንስሳ» ሲባል በቅድሚያ በሐሳባችን የሚመጡት ላም፣ በግ፣ ፍየልና ዶሮ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ግን ወተትም ሆነ ሥጋ ስለማንጠብቅባቸው፣ ሆኖም ከደጃችን ስለማይጠፉት ስለ ውሻና ድመት ነው። እነዚህን እንስሳት መንከባከብ ማለት መመገብ፣ ማጠብና ሲታመሙ ማሳከም ብቻ የሚመስለን ጥቂቶች አይደለንም። ጥያቄውን ሰፋ አድርገን እንመልከተው፤ ውሻችን ከግቢያችን ውጭ በሚገኘው ተፈጥሮ ላይ የሚያደርሰው ነገር ምንድን ነው? እኛስ ከዚህ ውስጥ ለየትኛው ተጠያቂ ነን?

በከተሞቻችን የተለመደውን አያያዝ እናስታውስ። ውሻው ቀኑን በሰንሰለት ታስሮ ወይም በቆርቆሮ ቤቱ ተዘግቶበት ይውላል፤ ሲመሽ ይፈታል፤ የግቢው በር ገርበብ ያለ እንደሆነም ወጥቶ ይሄዳል። ጎሕ ሲቀድ ተመልሶ ስናገኘው ከየትኛው ውሻ ጋር እንደተናከሰና ከየትኛው የቆሻሻ ገንዳ እንደበላ የምናውቀው ነገር የለም። በገጠር ደግሞ የሚታሰረው ውሻ ጥቂት ነው። እንግዲህ «የእኔ ውሻ» የምንለው እንስሳ የሕይወቱን እኩሌታ የሚያሳልፈው እኛ በማናየው ሥፍራ ነው ማለት ይቻላል። የጽሑፋችን ጉዳይም ይኸው የማናየው እኩሌታ ነው።

ከባሌ ተራሮች የተገኘ ማስረጃ

ባለቤት ያለው ውሻ በዱር እንስሳት ላይ የሚያስከትለው ጣጣ በሚገባ ከተጠናባቸው የዓለም ሥፍራዎች አንዱ የራሳችን የባሌ ተራሮች ነው። በሳነቴ አምባና በዌብ ሸለቆ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። የሳይንስ መጠሪያው ካኒስ ሲሜንሲስ ነው። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ በዝምድና የሚቀርበው ለተኩላና ለውሻ ነው፤ የችግሩም ሥር ከዚሁ ዝምድና ይጀምራል። ውሻን የሚገድል ቫይረስ ቀይ ቀበሮንም ይገድላልና። በመላ አገሪቱ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ሲሆኑ፣ ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ይገኛሉ። የተቀሩት እንደ ስሜን፣ አርሲና መንዝ ጓሳ ባሉ፣ እርሻና መንደር እንደ ባሕር ከከበባቸው ደጋማ ሥፍራዎች ላይ ተበታትነዋል።

ይህ እንስሳ የሚያድነው በቀን ብርሃን፣ ለብቻው ነው። ከምግቡ 90 በመቶ በላይ የሚሆነው ፍልፈልና ሌሎች የአይጥ ዘሮች ናቸው። አዳኙ ብቸኛ ቢሆንም ኑሮው ግን የመንጋ ኑሮ ነው። ማለዳና ማታ አባላቱ ይሰበሰባሉ፤ አፍንጫ ለአፍንጫ ተነካክተው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ የግዛታቸውን ወሰን አብረው ይዞራሉ፤ ሌሊቱንም ተጠጋግተው ያድራሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በምራቅ የሚተላለፍ መሆኑን ላስታወሰ ሰው የዚህ ሁሉ መቀራረብ ትርጉም ግልጽ ነው። ቫይረሱ በንክሻ ቁስል ገብቶ በነርቭ መስመር ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ከዚያም ወደ ምራቅ ዕጢዎች ይወርዳል። በአንድ አባል የገባ በሽታ መንጋውን ሁሉ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይወስድበትም።

የሆነውም ይኸው ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በባሌ በተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ በጥናት ክትትል ሥር ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። በ2003 እና 2004 በሽታው ወደ ዌብ ሸለቆ ተመልሶ ከዚያው ሥፍራ ቀይ ቀበሮዎች ውስጥ ተመሳሳይ ድርሻ ያላቸውን ፈጀ። ከዚያ በኋላም በ2008 ዳግመኛ ተነሥቷል። በእነዚህ መካከል ደግሞ ዲስቴምፐር የተባለው ሌላው የውሾች በሽታ በ2005፣ በ2010 እና በ2015 ገብቶ የየራሱን ድርሻ ወስዷል።

ቀይ ቀበሮዎቹ ቁጥራቸው አነስተኛ በመሆኑ በሽታው በመካከላቸው ለረጅም ዘመን ሊኖር አይችልም፤ የሚገድለውን ገድሎ ይከስማል። ተመልሶ እንዲመጣ የሚያደርገው ከሌላ ሥፍራ የሚጠብቀው ማደሪያ ሲኖር ነው፤ ማደሪያውም ውሻ ነው። ከብት ተከትለው ወደ ደጋው የሚወጡ፣ በቂ ምግብ ስለማይሰጣቸው ጥንብ ፍለጋ የሚዞሩ ውሾች ቫይረሱን ይዘው ይመላለሳሉ። በዚህም ላይ ወንድ ውሾች ከቀይ ቀበሮ እንስቶች ጋር ተዳቅለው ክልስ ግልገሎች መወለዳቸው ተረጋግጧል።

ይህን ስንል ጣታችንን በባሌ አርብቶ አደር ላይ ለመቀሰር አይደለም። ጅብና ነብር ባለበት አገር በጎቹን የሚጠብቅለት ውሻውን ነው። እርሱ የሚያስፈልገው ተግሣጽ ሳይሆን ክትባት ነው። ከ1996 ጀምሮ በአካባቢው ያሉ ውሾች ሲከተቡ ቆይተዋል፤ በ2018 ደግሞ በሥጋ ውስጥ ተደብቆ በአፍ የሚሰጥ ክትባት ለራሳቸው ለቀይ ቀበሮዎች በዘመቻ መሰጠት ተጀምሯል። ይሁን እንጂ የውሾቹ ክትባት በተጓደለ ቁጥር አደጋው ይመለሳል።

ሰባ ከመቶ ለምን?

ቫይረሱ በባሌ የሚያደርገውን በከተማም ያደርገዋል፤ ልዩነቱ በከተማ ተጎጂው የሰው ልጅ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገምታል። ከእነዚህም ውስጥ 99 በመቶ የሚሆኑት በሽታው የሚይዛቸው ከውሻ ነው። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ሳይታይ ግን ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ሳይውሉ ሳያድሩ ክትባት መጀመር ሕይወት ያድናል።

በሽታውን ከምንጩ ለመግታት ከውሾች 70 በመቶውን በየዓመቱ መከተብ ያስፈልጋል ይባላል። ቁጥሩ ከየት መጣ? አንድ ያበደ ውሻ በአማካይ በሽታውን የሚያስተላልፈው ከሁለት ላነሱ ውሾች ነው። በዚህ ስሌት ግማሾቹ እንኳ ቢከተቡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ነገር ግን የውሾቻችን ዕድሜ አጭር ነው። በአንድ ሠፈር ካሉ 100 ውሾች ዛሬ 70ዎቹ ተከተቡ እንበል። በዓመቱ ውስጥ ከተከተቡት 25ቱ በመኪና፣ በረኃብና በበሽታ ቢሞቱና በምትካቸው 25 ያልተከተቡ ቡችሎች ቢያድጉ፣ የቀሩት የተከተቡ ውሾች 45 ብቻ ናቸው። ሰባው ከመቶ እንግዲህ እስከሚቀጥለው ዘመቻ ድረስ የሚያዘልቅ ስንቅ ነው።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገሮችን እናገኛለን። አንደኛው፣ ውሻን በሚገባ መያዝ ራሱ የክትባቱ አካል መሆኑ ነው። በግቢው ተጠብቆ፣ ጠግቦ፣ እንዳይራባ ተደርጎ ዕድሜውን የሚጨርስ ውሻ በክትባት የተገኘውን መከላከያ ይዞ ይቆያል። በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ወልዳ ቡችሎቿ ከቆሻሻ ገንዳ አጠገብ የሚጣሉባት ውሻ ግን ያልተከተቡትን ቁጥር ታበዛለች። አንድ ሰው ዘር እንዳይተኩ ውሻን ማምከን ጭካኔ ነው ሲል ስንሰማ፣ ቡችሎቹን በካርቶን አድርጎ ወንዝ ዳር መጣሉ ከየትኛው ርኅራኄ እንደሚቆጠር እንጠይቃለን።

ሁለተኛው፣ በከተሞች የባዘኑ ውሾችን በመርዝ የማጥፋት ልማድ ለምን ፍሬ እንዳላስገኘ ነው። መርዝ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። ባዶ የሆነውን ቦታና የተረፈውን ቆሻሻ ደግሞ ከሌላ ሠፈር የሚመጡ ያልተከተቡ ውሾች ይወርሱታል። በድኑም ሳይነሣ ከዋለ ሌላ ጥፋት ይከተላል። በመርዝ የሞተን ውሻ የሚበላው ጥንብ አንሳ ነውና። በየቄራው ዙሪያ የምናያት ትንሿ፣ ቡናማ ላባ ያላት ጥንብ አንሳ ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተርታ ገብታለች፤ ለዚህም ካበቋት ምክንያቶች አንዱ መርዝ ነው።

የበዓል ማግስት

የውሻን ምግብ በሚመለከት በሌላው ዓለም የሚነሣው ክርክር ከእኛ ጋር አይመሳሰልም። ግሪጎሪ ኦኪን የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ በአገራቸው ከእንስሳት እርባታ ከሚመጣው የአካባቢ ጫና ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ለውሻና ለድመት ምግብ የሚውል መሆኑን አስልተዋል። የእንጀራ ፍርፋሪና ከሥጋ ቤት የተረፈ አጥንት የሚበላው የእኛ ውሻ በዚህ ረገድ የሚወቀስበት ነገር ብዙ አይደለም። የእኛ ችግር ያለው ከትርፍራፊው ዓይነት ላይ ነው።

በፋሲካና በእንቁጣጣሽ በየግቢው በግ ሲታረድ በሳንባው ወይም በጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል። አራጁ ያን ክፍል ቆርጦ አጠገቡ ለቆመው ውሻ ይወረውራል። ከረጢቱ ኤኪኖኮከስ የተባለው ጥገኛ ትል ሕፃንነቱን የሚያሳልፍበት ቤት ነው። ውሻው ጥሬውን በበላው ጊዜ ትሎቹ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋሉ። የአንዱ ርዝመት ከ7 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ውሻውም የሕመም ምልክት አያሳይም። ከሳምንታት በኋላ ዕንቁላሎቹ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥተው በሣሩ ላይ ይበተናሉ። በግና ከብት ከሣሩ ጋር ይበሏቸዋል፤ ሰው ደግሞ ውሻ በዳሰሰበት ወይም አፈር በነካበት እጁ፣ አለዚያም ባልታጠበ አትክልት ይወስዳቸዋል። ከዚያም በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ተመሳሳይ ከረጢት ለዓመታት ቀስ በቀስ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም ያለ ቀዶ ሕክምና አይወጣም።

ይህን ዑደት ለመቁረጥ የሚያስፈልገው አንድ ጉድጓድ ነው። እብጠት የታየበትን ሥጋ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር፣ ወይም ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ቀቅሎ መስጠት ይበቃል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም ምክር በየጊዜው ሲሰጥ በአንጀት ያለውን ትል ያጸዳል። የውሻ ዓይነ ምድርም ቢሆን ለጎመንና ለሰላጣ መደብ ፍግ መሆን የለበትም፤ የትሎቹ ዕንቁላሎች እርጥበት ባለው አፈር ውስጥ ለወራት ሳይሞቱ ይቆያሉ።

ስለ ቁንጫና መዥገር መድኃኒት ጥቂት እንጨምር። በ2020 በእንግሊዝ ወንዞች ላይ የወጣ ጥናት ለውሻና ድመት ቁንጫ የሚውለውን ፊፕሮኒል ከተመረመሩት ናሙናዎች በአብዛኞቹ ውስጥ አግኝቷል። በእኛ አገር ለከብት መዥገር የሚሸጠውን ዲያዚኖን ውሻ ላይ አፍስሶ በወንዝ ውሃ ማለቅለቅ ለዓሣም፣ ለንብም፣ ለውሻውም አደገኛ ነው።

ድመቷና አይጦቹ

ድመት በቤታችን የምትሰጠው አገልግሎት ከመርዝ የሚያድን ነው። የአይጥ መርዝ የበላች አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ ደንዝዛ ስትንቀሳቀስ ጉጉት ይይዛትና መርዙ ወደ እርሱ ይተላለፋል። ድመት ባለችበት ጎተራ ይህ ሁሉ አያስፈልግም ይሆናል። ነገር ግን «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እንደሚባለው፣ ጠግባም ቢሆን ታድናለች፤ ወፉንም ከአይጡ አትለይም። ከማምሻ እስከ ረፋድ በቤት ውስጥ ማቆየት፣ በተለይም ወፎች ጫጩት በሚያሳድጉበት ወራት፣ ጉዳቱን ይቀንሳል። በደን ዳር ለሚኖሩ ሰዎች ሌላም ጉዳይ አለ። የቤት ድመት የተገኘችበት የዱር ድመት ዛሬም በአገራችን ይኖራል፤ ያልተመከነችና ማታ ማታ የምትወጣ ድመት ከእርሱ ጋር ትዳቀላለች።