በቆሎ ደጋ ሲወጣ በሽታውም ይከተለዋል

በቆሎ የቆላና የወይና ደጋ እህል ነው ሲባል ነው ያደግነው። አሁን ግን በኮዬ ፈጬ ከሕንጻዎቹ ጥግ በቀሩት ማሳዎች፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታም ጓሮዎች፣ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ባለፈ ከፍታ ሲያፈራ እናየዋለን። በድሮ አማርኛ «የባሕር ማሽላ» ይባል የነበረው እንግዳ እህል ዳገቱን ደፍሮታል ማለት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 አምቦ ላይ የደጋ በቆሎ የማዳቀል ሥራ ተጀምሮ ሆራ፣ አርጋኔ፣ ወንጪና ጅባት የተባሉ ዝርያዎች ወጥተዋል።

ታዲያ ብርዱ በሽታውን አይመልሰውም ወይ? አይመልሰውም። ደጋ ላይ በቆሎ ቶሎ አይደርስም፤ በሚያዝያ ቢዘራ እስከ ኅዳር ሊቆይ ይችላል። ክረምቱን ሙሉ ቅጠሉ በዝናብ፣ በጉምና በጤዛ እንደራሰ ነው። ቱርሲከም የሚባለው ቅጠል አድርቅ ፈንገስ የሚወደውም ይህንኑ ነው፤ ከ18 እስከ 27 ዲግሪ የሆነ መጠነኛ ሙቀትና ለሰዓታት የማይደርቅ እርጥበት። ምልክቱ አያስቸግርም። ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ ጣት የሚያህል ግራጫማ ጠባሳ ይወጣል። በቆሎው ጸጉር ሳያወጣ ከያዘው ፍሬው ቀጭጮ ይቀራል። ዋግም ቀዝቀዝ ያለ አየር ይስማማዋል። ግራጫ የቅጠል ነጠብጣብ የተባለው ግን ሞቅ ያለ እርጥበት ይሻል፤ በ1990ዎቹ ማብቂያ በምዕራብ ኢትዮጵያ ታይቷል፤ ደጋው በሞቀ ቁጥር ለሱም በር ይከፈትለታል።

ዋናው ነገር አገዳው ነው። በአሜሪካ ይኸው ነጠብጣብ ከ1970ዎቹ ወዲህ የበረታው፣ አፈር እንዳይሸረሸር ሲባል አገዳውን ሳያርሱ ማሳ ላይ መተው በመለመዱ ነው። እኛ ዘንድ አገዳውን ከብት ይበላዋል፣ እናቶች ያነዱታል፣ የቀረው አጥር ይሆናል። በአጥሩ ላይ የከረመው የታመመ ቅጠል ግን ዝናብ ሲጥል የፈንገሱን ዘር በነፋስ ወደ ቡቃያው ይበትናል።

«አገዳውን ቅበሩ» ብለን ልጆቹን ወደ ቤት ብንሰድ «ታዲያ ምን እናንድድ?» መባላቸው አይቀርም፤ ደግሞም እውነት ነው። ስለዚህ በበጋው አንድደው ይጨርሱት፣ ቅጠሉን ለከብት ይስጡ፣ ለአጥር የሚሆነውን ይግፈፉት፣ የተረፈውን ብቻ ክረምት ሳይገባ ይቅበሩት ብንል የሚሰማን እናገኛለን። በዚያው መሬት ላይ በከርሞው ባቄላ ወይም ድንች ቢዘራ ደግሞ ፈንገሱ ምግብ ያጣል።

ዋግ ግን በዚህ አይያዝም። በደረቅ አገዳ አይከርምም፣ ሕይወት ያለው ተክል ይፈልጋል፤ የሚመጣው ከሌላ ማሳ በነፋስ ነው። ለሱ የሚበጀው የሚቋቋም ዝርያ ነውና ዘር ከመግዛት በፊት የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ መጠየቅ ያስፈልጋል።