«ኧረ ተወደደ!» ለሚል ደንበኛ ምን እንመልስ? የጤፍ፣ የቡና እና የድስት ሂሳብ



የዛሬው ጽሑፍ የዋጋ ዝርዝር አይደለም። ሰሞኑን ከባለ ሱቆች፣ ከወፍጮ ቤት ባለቤቶች እና እንጀራ ጋግረው ከሚያከፋፍሉ ደንበኞቼ በተደጋጋሚ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጥሩውን ዕቃ አስገብቼ ሰው ዋጋውን ሲሰማ ጥሎኝ ይሄዳል፣ ምን ልበለው?» ብዙዎቹ መጨረሻ ላይ የሚወስኑት ወደተደባለቀው መውረድ ነው። ይሄ ውሳኔ ለሁለት ሦስት ሳምንት ያሻሽጣል። ከዚያ ደንበኛው ሳይጨቃጨቅ፣ ሳይናገር፣ ዝም ብሎ ይጠፋል። ለምን እንደጠፋ እንኳን አታውቁም። ስለዚህ ነገሩን በስሜት ሳይሆን በሂሳብ እንየው።

1. «ተወደደ» ስንት ትርጉም አለው?

ደንበኛ «ተወደደ» ሲል ሁልጊዜ አንድ ነገር ማለቱ አይደለም። እኔ እስካየሁት አራት ዓይነት ነው፦

ሀ) «ብሩ የለኝም» ማለት ሊሆን ይችላል። ይሄ ሰው ጥራቱን ያውቃል፣ ይፈልገዋልም፤ ኪሱ ግን አልቻለም።

ለ) «ሌላ ቦታ በዝቶ አልተጠራልኝም» ማለት ሊሆን ይችላል። ከጎረቤት ሱቅ ዋጋ ጠይቆ ነው የመጣው።

ሐ) «ልዩነቱ አይታየኝም» ማለት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ነጭ ጤፍ ነው፣ ሁለቱም ቡና ነው፤ ለምን ይበልጣል?

መ) በቃ ልማድ ነው። ሳይከራከር የገዛ ሰው የተበላ ስለሚመስለው «ትንሽ ቀንስ» ይላል። ሊገዛ ወስኖ ነው የሚከራከረው።

ለአራቱም አንድ መልስ ከሰጣችሁ ሦስቱን ታጣላችሁ። ብር ለሌለው ሰው ስለ ጥራት ረጅም ንግግር ማድረግ ማሳፈር ነው። ልዩነቱ ላልታየው ደግሞ 200 ብር ብትቀንሱለትም አሁንም ውድ ነው፤ እንዲያውም «ቅድም ሊያታልለኝ ነበር» ይላል። ስለዚህ ዋጋ ከመቀነሳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ከየትኛው ጋር አወዳድረውት ነው?» መልሱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይነግራችኋል።

2. መጀመሪያ እውነቱን እመኑለት

ብዙ ሻጭ «ኧረ ምኑ ተወደደ!» ብሎ ይጀምራል። ተሳስቷል። ተወዷል እኮ! ደንበኛው በዓይኑ እያየ መካድ ምን ያደርጋል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ፣ ከድስት እስከ መለዋወጫ፣ በአዲሱ ምንዛሪ ነው የሚገባው። ቡናን ካየን፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 በኒውዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ አረቢካ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። ከምክንያቶቹ ዋናው የብራዚል ድርቅ ነው። ላኪው ከፍ አድርጎ ሲገዛ እዚህ መርካቶ ያለው ቡናም አብሮ ይሳባል። ጤፉ የራሳችን ቢሆንም ማሳው ላይ እና እህል በረንዳ ላይ ያለው ዋጋ አንድ አይደለም። መሃል ላይ ጆንያ፣ የመኪና ኪራይ፣ ነዳጅ፣ ጫኝና አውራጅ፣ የመጋዘን ኪራይ አለ። የደላላ ኮሚሽንም አለበት፤ የኔም ማለት ነው። አልደብቅም።

ይሄን በአጭሩ የነገራችሁት ደንበኛ ዋጋው ባይወርድለትም እንዳልተዘረፈ ይገባዋል። ትልቁ ቅሬታ ብዙ ጊዜ «ይሄ ሰው በኔ ላይ እየተጫወተ ነው» የሚለው ጥርጣሬ ነው።

3. የጤፍ ሂሳብ

አሁን ወደ ቁጥር እንግባ። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለሂሳብ እንዲመቹ የወሰድኳቸው ምሳሌዎች ናቸው። የዛሬ ገበያ ዋጋ እንዳይመስላችሁ!

አንድ ኩንታል ንጹሕ ማኛ 15,000 ብር፣ ሰርገኛ ገብቶበት «ማኛ» የተባለው ደግሞ 13,800 ብር ነው እንበል። ልዩነቱ 1,200 ብር። ደንበኛው የሚያየው ይሄን ብቻ ነው።

ንጹሑ ሲነፋና ሲበጠር 1 ኪሎ ይወጣዋል እንበል፤ 99 ኪሎ ቀረ። 15,000 ለ99 ሲካፈል አንዱ ኪሎ 151.50 ገደማ ነው።

የተደባለቀው ገለባ፣ አፈርና አሸዋ 5 ኪሎ ይወጣዋል፤ 95 ኪሎ ቀረ። ለአበጣሪ 300 ብር ተጨማሪ ይከፈላል። 14,100 ለ95 ሲካፈል አንዱ ኪሎ 148.40 ገደማ ነው።

አያችሁ? በኪሎ 12 ብር የነበረው ልዩነት 3 ብር ሆነ። ግን አሁንም የተደባለቀው ይረክሳል፤ እዚህ ላይ ካቆምን ደንበኛው ልክ ነው።

የሚቀጥለው ጥያቄ ግን «ስንት እንጀራ ወጣው?» ነው። ጋጋሪዎች «ይበረክታል»፣ «ውሃ ያነሳል» የሚሉት ይሄንን ነው። ከ5 ኪሎ ንጹሑ 27፣ የተደባለቀው 25 እንጀራ ቢወጣው፣ በእንጀራ የሚደርሰው የጤፍ ወጪ ለንጹሑ 28.06 ብር፣ ለተደባለቀው 29.68 ብር ይሆናል። በቀን 200 እንጀራ ለሚጋግር ሰው ይሄ በቀን ከ320 ብር በላይ ነው። በኩንታል 1,200 ብር «ያተረፈው» ሰው በጥቂት ቀን መልሶ አወጣው ማለት ነው።

ግን የኔን 27 እና 25 አትመኑ። ከሁለቱም 5፣ 5 ኪሎ መዝናችሁ፣ በአንድ ወፍጮ አስፈጭታችሁ፣ በአንድ ጋጋሪ፣ በአንድ ምጣድ አስጋግራችሁ ቁጠሩ። ውጤቱን ወረቀት ላይ ጻፉና ሱቁ ውስጥ ለጥፉት። ከኔ ምክር ያ ወረቀት ይበልጣል። አሸዋ መኖሩን ለማሳየት ደግሞ አንድ ጭብጥ ጤፍ በሳህን ውሃ ውስጥ አዙሩት፤ አሸዋው ታች ይቀራል። ደንበኛው ራሱ ይየው።

4. የቡና ሂሳብ

ለአገር ውስጥ ገበያ የሚቀርበው ቡና በአብዛኛው የኤክስፖርት ደረጃ ያላሟላው ስለሆነ በአንዱ ጆንያና በሌላው መሃል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። ስለዚህ «ቡና ቡና ነው» የሚለው ሰው ብዙ ይጎዳል።

አሁንም ለምሳሌ፦ ጥሩው 1 ኪሎ ጥሬ 700 ብር፣ ርካሹ 560 ብር። ርካሹ ላይ ጥቁሩ፣ ስባሪው፣ ድንጋዩ ሲለቀም 120 ግራም ወጣ። በፈረሱላ (17 ኪሎ) ለምትገዙ ይሄ 2 ኪሎ መጣል ማለት ነው። ጥሩው ላይ 20 ግራም ብቻ ወጣ።

ቀጥሎ መቁላት አለ። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። በደንብ የደረቀ ጥሬ ቡና እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ እርጥብ የሆነ ቡና በሚዛን ላይ ውሃ ጨምሮ ይሸጥላችኋል፣ ምጣድ ላይ ውሃውን ይጥላል፣ ካከረማችሁት ደግሞ ይሻግታል። ስለዚህ ለጥሩው 16፣ ለርካሹ 19 በመቶ እንያዝ።

ጥሩው፦ 980 ግራም ተቆልቶ 823 ግራም። የተቆላው በኪሎ 850 ብር ገደማ።
ርካሹ፦ 880 ግራም ተቆልቶ 713 ግራም። የተቆላው በኪሎ 785 ብር ገደማ።

140 የነበረው ልዩነት 65 ሆነ። አሁን ወደ ጀበናው ኑ። ጥሩው ለአንድ ጀበና 50 ግራም ከበቃው፣ ርካሹ አቦሉ ቀጥኖ 60 ግራም ካስጨመረ፣ አንዱ ጀበና ለጥሩው 42.50፣ ለርካሹ 47 ብር ሆነ። ቡና የምታፈላ እህታችን ይሄን ከኛ በላይ ታውቀዋለች። ቶናው ላይ ውሃ ውሃ ካለ፣ በረካ ሳይደርስ እንግዳው ይነሳል።

5. ዕቃ ለምትሸጡ

ከእህሉ ጎን ድስትና የኤሌክትሪክ ምጣድ የምታስቀምጡ አላችሁ። ለእናንተም መንገዱ ያው ነው። ስሱ ድስት 900 ብር ሆኖ 1 ዓመት ቢያገለግል በወር 75 ብር ነው። ወፍራሙ 2,400 ብር ሆኖ 4 ዓመት ቢያገለግል በወር 50 ብር ነው። ስሱ ድስት ሽንኩርቱ በደንብ ሳይበስል ታቹ ይይዛል፤ ያረረው ቁሌት፣ የባከነው ዘይትና በርበሬ ሂሳብ ውስጥ እንኳን አልገባም።

ግን «4 ዓመት» ያላችሁት እውነት መሆን አለበት። እጀታው የተላቀቀ እንደሆነ የምታሠሩለት፣ የምጣዱ ሽቦ የተቃጠለ እንደሆነ መለዋወጫ የምታቀርቡለት ከሆነ ተናገሩ። ካልሆነ ዝም በሉ። በአፍ ብቻ ያለ ዋስትና ደንበኛው ሲመለስ ጠብ ነው የሚያመጣው።

6. ደንበኛው ልክ የሚሆንበት ጊዜ

ይሄን መዝለል ጥሩ አይደለም። የእንጀራው ቁጥር እኩል ከመጣ፣ ጥሩ ያላችሁት ጤፍ ከርካሹ አልተሻለም ማለት ነው፤ ዋጋውን አስተካክሉ። ወይ ያመጣላችሁን ሰው ጠይቁ፤ እኔም ብሆን።

ደግሞ ሁሉም ሰው ማኛ አያስፈልገውም። ቤተሰቡን ለመመገብ ሰርገኛ የሚገዛ ሰው ምንም አልጎደለበትም። ሰርገኛን «ሰርገኛ» ብሎ በሰርገኛ ዋጋ መሸጥ ንጹሕ ንግድ ነው። ሰርገኛ ቀላቅሎ «ማኛ» ብሎ መሸጥ ግን ሌላ ስም አለው። ገበያውን የሚገድለው ርካሹ ዕቃ አይደለም፤ ርካሹ በውዱ ስም መሸጡ ነው። በርበሬም እንዲሁ ነው። ክብደት እንዲያነሳ ሆን ተብሎ የረጠበ በርበሬ ከብሩ ኪሳራ በላይ ሻጋታ ያመጣል፤ ከሻጋታው የሚወጣው አፍላቶክሲን ደግሞ ወጡን ስለቀቀላችሁት ብቻ አይጠፋም። እዚህ ላይ «ደንበኛው ርካሽ ስለፈለገ ነው» ማለት ምክንያት አይሆንም።

7. ታዲያ ምን እንበል?

ለብር ያጠረው፦ «እትዬ፣ ልክ ነዎት፣ ከፍ ብሏል። ኩንታሉን ይተዉትና ከዚሁ 25 ኪሎ ይውሰዱ። ወይም ሰርገኛው ይኸውልዎት፣ ዋጋው ይሄ ነው፣ ንጹሕ ነው።» ሁለት ምርጫ ሰጣችሁ፣ ክብሯም ተጠበቀ። ማከማቸት ለሚችል ደግሞ ወቅቱን ንገሩት። አዲሱ ጤፍ በብዛት የሚገባው ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው የሚጠናው ደግሞ በክረምት ነው።

ሌላ ቦታ ቀንሶ ላየ፦ «ወንድሜ፣ ያኛውንም ትንሽ ናሙና ይዘህልኝ ና፣ ጎን ለጎን እንየው።» ጎረቤታችሁን አትስደቡ። ናሙናው ይናገር፤ እኩል ከሆነም እናንተ ዋጋችሁን ታያላችሁ።

ልዩነቱ ላልታየው፦ የውሃውን ሳህን፣ የለቀማውን ቡና፣ የእንጀራውን ቁጥር አሳዩት። ቃል አታብዙ።

ለልማደኛው፦ ዋጋ አትቀንሱ። ጆንያውን በደንብ መዝኑለት፣ እስከ መኪናው አድርሱለት፣ ወይ ትንሽ ምርቃት ጣል አድርጉለት። በ5 ደቂቃ ውስጥ 500 ብር የሚቀንስ ሻጭ የመጀመሪያው ዋጋው ውሸት እንደነበር ነው ያወጀው።

«ጥራት ከፈለግሽ ክፈዪ፣ ካልቻልሽ ሌላ ጋ ሂጂ» የሚለውን ደግሞ ከአፋችሁ አውጡት። ኮሌጅ ማርኬቲንግ ስንማር ዋጋና ወጪ ይለያያሉ ይሉን ነበር። ዋጋ ሱቁ ውስጥ የሚከፈለው ነው፤ ወጪ ግን ቤት ከተገባ በኋላ ተጥሎ፣ ተበጥሮ፣ ተቆልቶ፣ ተጋግሮ የሚቆጠረው ነው። ደንበኛው ዋጋውን ራሱ ያየዋል። ወጪውን የማሳየት ሥራ የኛ ነው።

በዚህ ሳምንት የ5 ኪሎውን ሙከራ የምትሠሩ ካላችሁ የጤፉን ዓይነት፣ ከየት እንደመጣ እና የወጣውን እንጀራ ቁጥር ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን። የብዙ ሰው ቁጥር ሲሰበሰብ ለሁላችንም መደራደሪያ ይሆናል። የሳምንቱን የእህልና የቡና ዋጋ እንደተለመደው ይዤ እመለሳለሁ።

መልካም ገበያ!